የቤንዚን ፍላጎትን ለመለካት የትኛው ሞዴል ይሻላል? ከአንድ የማደያ መዝገብ የተነሣ ንጽጽር

ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞ ቢሮዬ ሲገባ ተስፋ የቆረጠ ይመስል ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ካለ አንድ ማደያ የሁለት ዓመት ወርኃዊ የቤንዚን ሽያጭ ሰብስቦ፣ በየወሩ ከነበረው የመሸጫ ዋጋ ጋር አጣምሮ ሪግሬሽን (አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ሌላው በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚገምት ስሌት) ሠርቷል። ውጤቱ ዋጋ ሲጨምር ሽያጭም አብሮ ይጨምራል ይላል። «መምህር፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ የመደመር ምልክቱ ወደ መቀነስ አልለወጥ አለኝ» አለ። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም መስሎታል። እኔ መዝገቡን በዓይኔ ማየት ፈለግሁና በማግሥቱ አብረን ወደ ማደያው ሄድን።

መዝገብ ያዡ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ትልቁን ደብተር ገለጡልን። ከግራ በኩል ቀኑ፣ ቀጥሎ የጠዋቱ የዘንግ ልኬት፣ ከቦቴ የተራገፈው፣ በፓምፑ ቆጣሪ የወጣው፣ በመጨረሻም የማታው ልኬት ተጽፏል። በየገጹ ምንም ያልተጻፈባቸው መስመሮች አሉ። ተማሪዬ እነዚያን መስመሮች ዜሮ አድርጎ ደምሯቸዋል። «ጋሼ፣ በእነዚህ ቀኖች ገዢ አልመጣም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ መምህር፣ ሰልፉ አስፋልቱን አልፎ ነበር! ቤንዚኑ ነው ያልነበረው» አሉ።

ምልክቱን የገለበጠው ይህ ነው። የዋጋ ማሻሻያ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ወደ ማደያው የሚደርሰው ነዳጅ ይሳሳል፤ የደረሰውም በቶሎ አይወጣም። አዲሱ ዋጋ ከታወጀ በኋላ ቦቴዎች ይገባሉ፣ ፓምፑ ይሠራል። ስለዚህ ርካሽ በነበረበት ወር ጥቂት፣ በተወደደበት ወር ብዙ ሊትር ይመዘገባል። የልጁ ሪግሬሽን ሲለካ የከረመው የቦቴዎችን መምጣትና መቅረት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «የቤንዚን ፍላጎትን በየትኛው ሞዴል ላጥና?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴን የምጀምረው ከዚያ ደብተር ነው።

ጥያቄው የማን ነው?

ሸዋ ሮቢት ላይ ማደያ የሚያስተዳድር ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት ስንት ሊትር ልዘዝ ብሎ ይጠይቃል። በዞን ደረጃ ነዳጅ የሚያከፋፍል ባለሙያ ለየትኛው ወረዳ ምን ያህል ኮታ ይድረስ ይላል። ተመራማሪው ደግሞ ዋጋ በዚህን ያህል ቢጨምር ሰው አጠቃቀሙን በምን ያህል ይቀንሳል የሚለውን ማወቅ ይሻል። ሦስቱም «የፍላጎት ጥናት» ይሉታል፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የተለያየ ነው።

ለትንበያ ጥሩ የሆነ ሞዴል ስለ ዋጋ ምንም ላያስረዳ ይችላል። ያለፉትን ሳምንታት አማካይ ወስዶ ለቅርቡ ሳምንት የበለጠ ክብደት የሚሰጥ ቀላል ስሌት የማደያውን ሰው ብዙ ጊዜ በደንብ ያገለግለዋል። ሰኞና ቅዳሜን፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ዋዜማን፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሳምንት ለይቶ ካስገባበት ደግሞ ከተራቀቁ ዘዴዎች ጋር ይወዳደራል። ኤክሴል ይበቃዋል፤ ሌላ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የሦስተኛውን ጠያቂ የሚመለከት ሲሆን ለሁለተኛው ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

ተመራማሪው የሚፈልገው ቁጥር ኢላስቲሲቲ ይባላል፤ ዋጋ በ1 በመቶ ሲጨምር የሚገዛው መጠን በስንት በመቶ እንደሚለወጥ የሚገልጽ ነው። በዓለም ላይ በዚህ ዙሪያ እንደ ቤንዚን ብዙ የተጠና ሸቀጥ ጥቂት ነው። ሞሊ ኤስፒ እ.ኤ.አ. በ1998 በርካታ ጥናቶችን ሰብስባ ስትመረምር የአጭር ጊዜው አማካይ −0.26፣ የረጅም ጊዜው −0.58 ሆኖ አግኝታዋለች። ሂዩዝ፣ ኒተልና ስፐርሊንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ የአሜሪካ ገዢዎች የአጭር ጊዜ ምላሽ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ከ−0.21 እስከ −0.34 እንደነበረና እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ወደ −0.034 እና −0.077 መካከል እንደወረደ አሳይተዋል። አንድ አገር፣ አንድ ዘዴ፣ ሁለት ዘመን፤ ቁጥሩ ግን ብዙ እጥፍ ተለያየ። ስለዚህ ከውጭ ጥናት ቁጥር ቀድቶ ሰሜን ሸዋ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ልዩነቱ በእጅ እንዲዳሰስ አንድ ስሌት እንሥራ። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 2017 መግቢያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይና ኢላስቲሲቲው −0.05 ቢሆን ፍጆታው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀንሳል። −0.26 ቢሆን በ18 በመቶ፣ −0.58 ቢሆን በ35 በመቶ ይወርዳል። ለአንድ ዞን የሚላከውን ነዳጅ የሚያቅድ ሰው በ4 እና በ35 መካከል ሲዋልል ምን ሊያቅድ ይችላል? የሞዴል ምርጫው የሚያስጨንቀኝ ለዚህ ነው።

ቀላሉ መንገድ፦ ሎጋሪዝም በሎጋሪዝም

የሽያጩን ሎጋሪዝም በዋጋው ሎጋሪዝም፣ በገቢ መለኪያና በወቅት መለያዎች ላይ ማስኬድ ሁሉም የሚጀምርበት ነው። ኢላስቲሲቲውን በቀጥታ ይሰጣል፣ ለማስረዳት አያስቸግርም፣ ስሕተቱም ቶሎ ይታያል። ተማሪዬም የተነሣው ከዚህ ነው፤ በመነሣቱ አልወቅሰውም።

ይህ ዘዴ በሌላው ዓለም ትልቅ ክስ አለበት። ዋጋና መጠን በገበያ ውስጥ እርስ በርስ ስለሚወሳሰኑ፣ ፍላጎት ሲጨምር ዋጋ ይወጣል፤ ሪግሬሽኑም የገዢውን ምላሽ ከሻጩ ምላሽ ጋር ያደባልቃል። ተመራማሪዎች ይህን ለመፍታት የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋን፣ የግብር ለውጥን ወይም የማጣሪያ መቋረጥን እንደ መሣሪያ ተለዋዋጭ (ዋጋውን የሚያንቀሳቅስ፣ የገዢውን ፍላጎት ግን በቀጥታ የማይነካ ነገር) ይጠቀማሉ። በእኛ አገር ግን የችርቻሮ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያሳውቃል፣ ማደያውም ይፈጽማል። የደብረ ብርሃን ባጃጆች በአንድ ሳምንት ቢበዙ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ሳንቲም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ያ የታወቀ ክስ እዚህ ጉልበት የለውም። ለዚህ ብለው መሣሪያ ተለዋዋጭ ፍለጋ ወራት የሚያባክኑ ተማሪዎችን ሳይ አዝናለሁ።

የተተመነ ዋጋ የራሱ ችግር አለው። አንደኛ፣ ለውጡ ጥቂት ነው፤ በሁለት ዓመት መዝገብ ውስጥ 24 ወሮች ቢኖሩም የተለያዩት ዋጋዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሚሄድ ከጊዜ ጋር ይጣበቃል፤ በዚያው ጊዜ የተለወጠ ማንኛውም ነገር የዋጋ ውጤት መስሎ ይታያል። ሦስተኛው በጣም የሚረሳው ነው፤ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የጤፉም፣ የታሪፉም፣ የቤት ኪራዩም ይጨምራል። ከላይ ባለው ምሳሌ በዚያው ጊዜ የሌላው ሁሉ ዋጋ በ70 በመቶ ጨምሮ ነበር እንበል። ያን ጊዜ የቤንዚን እውነተኛ ጭማሪ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ቀርቶ 25 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በ−0.26 የሚጠበቀውም ቅነሳ ከ18 ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ዋጋውን በዋጋ ግሽበት አመልካች ሳያካፍሉ የሚሠራ ሪግሬሽን አልቀበልም።

እግረ መንገዴን ስለ ወር ልናገር። የማደያ ደብተር በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ይህ በረከት ነው፤ አሥራ ሁለቱም ወሮች እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ፈረንጆቹ የየካቲታቸውን ማነስ ለማስተካከል የሚለፉትን ልፋት አንለፋም። ጳጉሜን ግን አለች። አንዱ ተማሪ ከነሐሴ ጋር ይደምራታል፣ ሌላው ከመስከረም፤ አንዱ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ያደርጋትና ሽያጩ ስድስት እጥፍ ወደቀ ብሎ ይደነግጣል። ለዚያውም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በመሆኗ መንገዱ የሚጨናነቅባት ናት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በወር መሥራት ቀርቶ በቀን ወይም በሳምንት ይሠራ። ደብተሩ እንደሁ በቀን ነው የተጻፈው።

ያለፈውን ወር የሚያስታውስ ሞዴል

ሰው ለዋጋ ለውጥ ወዲያው ሙሉ ምላሽ አይሰጥም። የባጃጅ ሾፌር ቤንዚን ሲወደድ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያደርገው ባዶውን መዞር ትቶ ተራ ቦታ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከወራት በኋላ ባለቤቱ ሞተሩን ያስጠግናል፤ ከዓመት በኋላ ሸጦ ኤሌክትሪክ የሚጠቀመውን ሊገዛ ይችላል። ይህን መዘግየት የሚይዘው ሞዴል ያለፈውን ወር ፍጆታ ከቀመሩ ቀኝ በኩል ያስገባል። የአጭር ጊዜው ምላሽ የዋጋው ቁጥር ራሱ ሲሆን፣ የረጅም ጊዜው የሚገኘው ያንን ቁጥር ከ1 ላይ ያለፈው ወር ቁጥር ተቀንሶ በሚቀረው ሲካፈል ነው።

ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። የአጭር ጊዜው −0.1፣ ያለፈው ወር ክብደት 0.8 ቢወጣ የረጅም ጊዜው −0.5 ይሆናል። ክብደቱ 0.9 ቢሆን ግን ወደ −1 ይዘላል። የ0.1 ልዩነት ውጤቱን እጥፍ አደረገው፤ በሃያ አራት ወር መረጃ ደግሞ 0.8ን ከ0.9 መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ በእኛ ማደያዎች ያለፈው ሳምንት ሽያጭ ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው በሰው ልማድ ሳይሆን በቦቴ አመጣጥ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ሞልቶ ከተሸጠ ዛሬ ባዶ ነው። ሞዴሉ ይህንን «ልማድ» ብሎ ያነበዋል። አቅርቦት በማይቋረጥበት ቦታ ይህን ሞዴል እመርጠዋለሁ፤ የአንድ ማደያ ዕለታዊ መዝገብ ላይ ግን አልመክረውም።

ረጅሙ የአገር ታሪክ

ከአንድ ከተማ ወጥቶ የአገሪቱን ዓመታዊ የነዳጅ ገቢ ምርት ከዋጋና ከገቢ ጋር ለረጅም ዓመታት ማያያዝ ሌላው መንገድ ነው። አብረው የሚያድጉ ተከታታይ ቁጥሮች የሐሰት ዝምድና ስለሚያሳዩ፣ ኤንግልና ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁት የኮኢንተግሬሽን ፈተና (ቁጥሮቹ በረጅም ጊዜ በእውነት ተያይዘው መሄዳቸውን የሚመረምር) ወይም ለዚሁ ዓላማ ፔሳራን፣ ሺንና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት የወሰን ፈተና ያስፈልጋል። የኋለኛው ለአጭር ተከታታይ ቁጥርና ባሕርያቸው ለተለያየ ተለዋዋጮች ስለሚመች በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ይወደዳል።

እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት መካከል ያሉትን ስብራቶች የት አደረጋችኋቸው? በ1985 ብር ከዶላር ጋር ከነበረው 2.07 ወደ 5 ተዛውሯል። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ የነዳጁ መግቢያ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በሐምሌ 2014 ደረጃ በደረጃ ድጎማን ማንሣት ተጀመረ፤ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ደግሞ የታለመ ድጎማ ተለየ። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። አርባ የማይሞሉ ዓመታዊ ነጥቦች ይህንን ሁሉ ስብራት ተሸክመው አንድ የማይለወጥ የረጅም ጊዜ ኢላስቲሲቲ ይሰጣሉ ብሎ ማመን ይከብደኛል። ለአገር አቀፍ ጥያቄ ሌላ አማራጭ ከሌለ ይሠራበት፤ ስለ ሰሜን ሸዋ ግን አንድም ነገር አይነግረንም።

የቤተሰብ ወጪ ጥናት

ስታትስቲክስ አገልግሎቱ በየዓመታቱ ልዩነት የሚያካሂደው የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ለተመራማሪ ሀብት ነው። በእንዲህ ያለ መረጃ ላይ የሚውለው የታወቀ ዘዴ ዲተንና ሙልባወር እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረቡት የወጪ ድርሻ ሞዴል ነው፤ እያንዳንዱ ሸቀጥ ከቤተሰቡ ወጪ የሚወስደውን ድርሻ ከዋጋዎችና ከአጠቃላይ ወጪው ጋር ያያይዛል። የገቢ ምላሽን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የዋጋ ምላሽን ለማግኘት ግን እዚህ አይቻልም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአንድ ዙር ጥናት ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያየው በመሠረቱ ያንኑ የተተመነ ዋጋ ነው፤ ከከተማ ከተማ ያለው ልዩነት በአብዛኛው የማጓጓዣ ነው። ዋጋ ካልተለያየ ለዋጋ የሚሰጥ ምላሽ ከየት ይለካል? ሁለተኛው እንቅፋት ዜሮው ነው። መኪና ወይም ሞተር ሳይክል የሌለው ቤተሰብ ቤንዚን አይገዛም፤ የሚገዛው የባጃጅና የሚኒባስ ጉዞ ነው። የመንዝ ገበሬ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ሲወጣ የከፈለው ታሪፍ ውስጥ ነዳጅ አለ፣ በጥናቱ ቅጽ ላይ ግን «ትራንስፖርት» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ መጀመሪያ ይገዛል ወይስ አይገዛም የሚለውን፣ ቀጥሎ ከገዛ ምን ያህል የሚለውን በሁለት ደረጃ መሥራት ይገባል፤ የትራንስፖርት ወጪውንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ የምመርጠው፦ ጣሪያ የነካ መረጃን የሚያውቅ ሞዴል

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። በአንድ ቀን ማደያው ጠዋት 3,000 ሊትር ነበረው፤ ቀትር ላይ አለቀ እንበል። በሌላ ቀን 4,500 ነበረው፣ ማታ 1,500 ተረፈ። በሁለቱም ቀን 3,000 ሊትር ተሸጧል፤ ለተራው ሪግሬሽን ሁለቱ ቀኖች አንድ ናቸው። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን የተፈለገው 3,000 መሆኑን እናውቃለን፤ በመጀመሪያው ቀን የምናውቀው ቢያንስ 3,000 እንደተፈለገ ብቻ ነው። ሽያጩ ጣሪያ ነክቶ ቆሟል።

ጄምስ ቶቢን እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው ሞዴል ወለል ላይ ለሚቆም መረጃ፣ ማለትም ከዜሮ በታች መውረድ ለማይችል ወጪ የተሠራ ነበር። እዚህ የሚያስፈልገን ግልባጩ ነው፤ ጣሪያው በየቀኑ የሚለያይ፣ ከፍታውም የዚያ ቀን ክምችት የሆነ። አሠራሩ ነዳጅ የተረፈባቸውን ቀኖች እንዳሉ ይወስዳል፤ ያለቀባቸውን ደግሞ «ፍላጎቱ ከዚህ በላይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» ብሎ ያስገባቸዋል። ከሐኪሞች ዘንድ የሚታወቅ ስሌት ነው፤ ጥናቱ ሲያበቃ በሕይወት ያለ ታካሚ ቢያንስ እስከዚያ ቀን እንደኖረ እንጂ እስከ መቼ እንደሚኖር አይታወቅም። በነጻ በሚገኘው አር ፕሮግራም ውስጥ ለዚያ የተዘጋጀው ሰርቫይቫል የተባለ ጥቅል ለቤንዚንም ያለ ለውጥ ይሠራል፤ ስታታ የተባለውን ፕሮግራም ለሚጠቀም ደግሞ ቶቢትና ኢንትሬግ የተባሉ ትእዛዞች አሉ።

ብዙዎች ያለቀባቸውን ቀኖች አውጥተው በመጣል ችግሩን የፈቱ ይመስላቸዋል። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ነዳጅ ቶሎ የሚያልቀው ፈላጊ በበዛበት ቀን ነው፤ እነዚያን ቀኖች መጣል ገበያው የደራባቸውን ቀኖች መጣል ነው። ሊወጡ የሚገባቸው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሊትር ያልነበረባቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱ ስለ ፍላጎት ምንም አይነግሩንም። በእነዚህና በግማሽ ቀን ባለቀባቸው መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪዬ ለማስረዳት አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ወስዶብኛል፤ ሲገባው ግን ደብተሩን ከፊቴ ነጥቆ ራሱ ምልክት ማድረግ ጀመረ።

ይህ ሞዴል የሚፈልገው ጥንቃቄ ብዙ ነው፤ ከማደያው ግቢ ሳይደርሱ ደግሞ አይታወቅም።

መዝገብ ያዡ ዘንጉን ሲያወርዱ ቆሜ አይቻለሁ። ረጅሙን ዘንግ ጠመኔ ቀብተው ከመሬት በታች ወዳለው ታንከር ያወርዱታል፤ ሲያወጡት ጠመኔው የረጠበበትን መስመር ቤንዚኑ ሳይተን በፍጥነት ያነቡታል፣ ከዚያ ከግድግዳው ሠንጠረዥ ላይ ወደ ሊትር ይለውጡታል። ይህ የዘንግ ልኬት ከፓምፑ ቆጣሪ ጋር ካልተነጻጸረ ያታልላል። አንዳንድ ቀን ዘንጉ ነዳጅ አለ ይላል፣ በር ላይ ግን «የለም» ተብሏል። ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል የሚደረገው ይህ ነው። ለሞዴሉ ያ ቀን ነዳጅ የተረፈበት ተራ ቀን ይመስለዋል፤ በእውነቱ ጣሪያ የነካ ቀን ነው፣ ጣሪያውም ክምችቱ ሳይሆን የሻጩ ውሳኔ ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ለመለየት ማታ የቀረው ብዙ ሆኖ ፓምፑ ከተለመደው ሰዓት በፊት የቆመበትን መፈለግ ያስፈልጋል።

ሌላው የሰልፉ ጉዳይ ነው። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ መሬቱን አንጥፎት ሳለ ባጃጆች ተሰልፈው ይታያሉ። ሾፌሮቹ በጋቢና በካፖርት ተጠቅልለው፣ ወረፋው አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ ሞተር ሳያስነሡ በእጃቸው ይገፏቸዋል፤ ለማስነሣት የሚቃጠለውም ያሳሳቸዋል። አንድ ጎበዝ ተማሪ «ያለቀበትን ቀን ፍላጎት በሰዓት ከተሸጠው ብንገምትስ?» ብሎኝ ነበር፤ በሦስት ሰዓት 3,000 ከተሸጠ በአሥራ ሁለት ሰዓት 12,000 ይሸጥ ነበር እንደማለት። አይሆንም። ሰልፍ ካለ በሰዓት የሚወጣው መጠን የሚወሰነው በቀጂው እጅና በፓምፑ ፍጥነት ነው፤ ከኋላ የቆሙት ሃያም ሆኑ ሁለት መቶ የሰዓቱ ሽያጭ ያው ነው። በዚያ ላይ ሦስት ቀን ጠፍቶ በመጣበት ቀን የሚሰለፈው ሰው የሦስት ቀኑን ጥሙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የነገም ስለሚያሳስበው ታንከሩን አፍ እስከ አፍ ያስሞላል፤ ጀሪካን ይዞ የሚመጣም አለ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀን ጋር «ከዚህ በፊት ስንት ቀን ጠፍቶ ነበር» የሚል ተለዋዋጭ ማስገባት ግድ ነው። በቀን መሥራት ከከበደ በሳምንት መደመሩ ይህን ግፊት ያለዝበዋል።

ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ማደያ አለ። አንዱ ሲያልቅበት ገዢው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያንዱ ማጣት የሌላው ሽያጭ ይሆናል። የአንድ ማደያን መዝገብ ብቻ የያዘ ሰው የከተማውን ፍላጎት ለካሁ ማለት አይችልም። የሚቻል ከሆነ የከተማውን ማደያዎች ሁሉ መደመር ይሻላል። ቢያንስ አንዱ እስከ ማታ ነዳጅ ካለውና ሰልፍ ከሌለ የከተማው ድምር እውነተኛ ፍላጎት ነው፤ ሁሉም ሲያልቅባቸው ብቻ ጣሪያ ነካ ይባላል። በዚህ አቆጣጠር ጣሪያ የነኩት ቀኖች በእጅጉ ይቀንሳሉ።

ሾፌሩ የሚከፍለው ዋጋም በይፋ የታወጀው ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር በውኃ ፕላስቲክ የሚሸጠው ቤንዚን ዋጋው ሌላ ነው፤ ሰልፍ ላይ ያለፈው ግማሽ ቀን ደግሞ ያልተሠራበት የቀን ገቢ ነው። ለባጃጅ ሾፌር የቤንዚን ዋጋ ማለት የሦስቱ ድምር ነው። ይፋዊው ዋጋ ሳይለወጥ የመንገድ ዳሩ ሲወጣና ሲወርድ መመዝገብ የቻለ ተማሪ ከየትኛውም የተራቀቀ ሞዴል የበለጠ ነገር ያገኛል፤ እዚያ ውስጥ ነው እውነተኛው የዋጋ መለያየት ያለው።

በ2015 የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ቅጂ በሰዓቱና በብሩ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሌቪን፣ ሉዊስና ዎላክ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ከተሞችን ዕለታዊ የካርድ ክፍያ ተጠቅመው ከ−0.27 እስከ −0.35 የሚደርስ ምላሽ ማግኘታቸው፣ ወርና አገር ሲደመር የሚጠፋው ነገር በቀንና በከተማ ሲታይ ብቅ እንደሚል ያሳያል። እኛም ያ ዓይነት መረጃ አለን፤ የግለሰብ ስምና የታርጋ ቁጥር ተሰርዞ ለተመራማሪዎች ቢሰጥ የብዙ ዓመት ክርክር ይቋጭ ነበር። ይህንን ከልቤ እመኛለሁ። ኔትወርክ የተቋረጠባቸው ቀኖች ግን በዚህ መዝገብ ውስጥም ባዶ ሆነው ስለሚታዩ የደብተሩ ሰው አሁንም ያስፈልጋሉ።

ኮታ ለሚያከፋፍለው ባለሙያ

እሱ ሪግሬሽን ሳይሠራም ሥራውን ሊጀምር ይችላል። በወረዳው የተመዘገቡትን ባጃጆች፣ ሞተር ሳይክሎችና አውቶሞቢሎች ቆጥሮ፣ በቀን በሚሄዱት ርቀትና በኪሎ ሜትር በሚፈጁት ማባዛት ነው። ይህ ዘዴ ስለ ዋጋ ምላሽ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ከሽያጭ መዝገብ ነጻ ስለሆነ እጥረት አያሳስተውም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ያለፈውን ዓመት ሽያጭ አይቶ የዘንድሮን ኮታ የሚመድብ አሠራር፣ ዓምና የተቸገረውን ከተማ ዘንድሮም ያስቸግረዋል።

ጥንቃቄው ወጥ ቁጥር አለመጠቀም ነው። ሜዳማዋ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውና የሚወጣው መኪና የሚፈጀው ሌላ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ አካባቢ ነው፤ በበጋ የመስኖ ውኃ የሚስቡት ትናንሽ ሞተሮች ቤንዚን ይጠጣሉ፣ በተሽከርካሪ መዝገብ ላይ ግን አንዳቸውም የሉም። ጀሪካን ይዞ ማደያ የመጣው ገበሬ ሁሉ ነጋዴ ተደርጎ ሲባረር ማየት ያስቆጫል። ቆጠራው ተሽከርካሪን ብቻ ሳይሆን የውኃ መሳቢያዎችንና የወፍጮ ቤት ሞተሮችንም ማካተት አለበት።

ተማሪዬ በመጨረሻ የሦስት ማደያዎችን ዕለታዊ መዝገብ ወደ ሳምንት ደምሮ፣ ዋጋውን በግሽበት አካፍሎ፣ ጣሪያ የነኩትን ሳምንታት ለይቶ እንደገና ሠራው። ምልክቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከዜሮ በታች ሆነ። የእርግጠኝነት ወሰኑ (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ግን ሰፊ ነበር፤ ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ኤስፒ የረጅም ጊዜ አማካይ ይዘረጋል። ወሰኑን ሳይደብቅ እንዳለ ጻፈው። ማደያውን ሊያመሰግን ሲሄድ መዝገብ ያዡ ደብተሩ ላይ በእስክሪፕቶ አዲስ ዓምድ አስምረው አገኛቸው። ከላዩ «ያለቀበት ሰዓት» ይላል፤ ለዚያ ቀን 4፡20 ተጽፎበት ነበር።